ከቦሌ እስከ ዳላስ፦ ካልኩሌተሩ 13 ሰዓት ይላል፣ ትኬት ቢሮዋ 17 ትላለች። ማንን ልመን?

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ግንቦት 2፣ ማታ)

ሰላም ቤቶች። እናቴ ልትመጣ ነው። ባለቤቴ ሰኔ ላይ ትወልዳለች፣ ገንፎው ያለ እሷ አይሆንም ተብሎ ተወስኗል። ዕድሜዋ 68 ነው። ከደብረ ብርሃን አዲስ አበባ ከመመላለስ ያለፈ መንገድ አታውቅም። አውሮፕላን የምታየው ከላይ ሲያልፍ ነው።

እኔ ደግሞ ጭንቀታም ነኝ። ቁጭ ብዬ ርቀቱን ፈለግሁ። አንዱ ድረ ገጽ ከቦሌ ዋሽንግተን ዳላስ 11,560 ኪሎ ሜትር ነው አለኝ። ሌላው 7,185 ማይል አለ። ሦስተኛው 6,240 ማይል። ጭራሽ ግራ ገባኝ። እሺ ኪሎ ሜትሩን ልያዝ ብዬ፣ አውሮፕላኑ በሰዓት 900 ይሄዳል ብዬ ሳካፍለው 13 ሰዓት ገደማ መጣ።

አሁን ትኬቱን ስሙ። ስትመጣ ከቦሌ ግንቦት 18 (በፈረንጅ ሜይ 26) 22፡40 ትነሳለች፣ መሀል ላይ ደብሊን ይቆማል፣ በማግስቱ 08፡30 ዳላስ ትገባለች። ስቀንሰው 9 ሰዓት ከ50 ሆነልኝ። ስትመለስ ከዳላስ 11፡00 ተነስታ በቀጥታ በማግስቱ 07፡15 ቦሌ። ይሄ ደግሞ 20 ሰዓት ከሩብ። ትኬት ቢሮ ደወልኩ። ልጅቷ ሳቀችና "ሲመጡ 17፣ ሲመለሱ 13 ነው" አለችኝ።

መንገዱ ያው አንድ መንገድ አይደለም እንዴ? የ4 ሰዓት ልዩነት ከየት መጣ? የገባው ያስረዳኝ።

ነፋስ_ስልክ

እንኳን ለዚህ አበቃህ! በሰላም ትገላገል።

መጀመሪያ የሰዓቱን ጣጣ እንጨርስ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት ሁልጊዜ የየአገሩ ሰዓት ነው። መነሻው በአዲስ አበባ፣ መድረሻው በዋሽንግተን። አሁን በጋቸው ስለሆነ ልዩነታችን 7 ሰዓት ነው። ስለዚህ ስትመጣ ባገኘኸው 9፡50 ላይ 7 ደምርበት፣ 16 ሰዓት ከ50 ይሆናል። ስትመለስ ካገኘኸው 20፡15 ላይ 7 ቀንስ፣ 13 ሰዓት ከሩብ። ልጅቷ ልክ ነች። በክረምታቸው፣ ማለትም ከኖቬምበር የመጀመሪያው እሑድ እስከ ማርች ሁለተኛው እሑድ፣ ልዩነቱ 8 ይሆናል።

ማይሉም ቀላል ነው። 7,185 የመኪናው ማይል ነው። 6,240 ደግሞ የባሕርና የአየር ሰዎች ማይል ነው፣ አንዱ 1.852 ኪሎ ሜትር። ሦስቱም ድረ ገጾች የነገሩህ ያንኑ ርቀት ነው።

የ4 ሰዓቱ ነገር ነፋስ ነው። ስሜም ይመሰክራል 😄 ወደ 10 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ኃይለኛ ነፋስ አለ፣ ጄት ስትሪም ይሉታል። በክረምታቸው በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሄድበት ጊዜ አለ። እናትህ ሲመጡ በግንባራቸው ነው፣ ሲመለሱ ከኋላ ይገፋቸዋል።

ቡልቡላ_ልጅ

ይቅርታ ግን ይሄ ነገር አልገባኝም። መሬት የምትዞረው ወደ ምሥራቅ ነው አይደል? አዲስ አበባ ወደ ምሥራቅ ስትሮጥ ዋሽንግተን ደግሞ ከኋላዋ እየመጣች ነው። ታዲያ ወደ ምዕራብ የሚሄደው ነው መፍጠን ያለበት። እንዲያውም አየር ላይ ቆም ቢል ዋሽንግተን ራሷ ትመጣለት ነበር 😂

ነፋስ_ስልክ

ሄሊኮፕተር ተከራይና ቦሌ ላይ ቆመህ ጠብቃት። ስትደርስ ደውልልኝ።

የሀንጋሩ_ሰው

ልጆች፣ ጥያቄውን አትሳቁበት። እኔ በወጣትነቴ አለቃዬን ይሄንኑ ጠይቄ ነው የተሳቀብኝ። አሁን ጡረተኛ ነኝ፣ 31 ዓመት አውሮፕላን ጥገና ላይ ነበርኩ።

አንተ ቡልቡላ፣ ከመገናኛ ቃሊቲ አውቶብስ ተሳፍረህ ታውቃለህ። ውስጡ ዝንብ ትበራለች። አውቶብሱ ሲሄድ ዝንቧ ከኋላው መስታወት ጋር ትላተማለች? አትላተምም። አየሩ አብሮ እየሄደ ነው። መሬትም አየሯን ይዛ ነው የምትዞረው። አውሮፕላኑ ዝንቧ ነው። ሲነሳ ጀምሮ ከመሬት ጋር አብሮ እየዞረ ነው፣ ስለዚህ መዞሯ ብቻውን አይጠቅመውም፣ አይጎዳውም። የሚጠቅመውና የሚጎዳው አየሩ በመሬት ላይ የሚሄደው ተጨማሪ ሩጫ ነው። እሱን ነው ነፋስ ስልክ የነገረህ።

ግን ነፋስ ስልክ፣ ነገሩን ሁሉ ለነፋስ አትስጠው። ነፋስ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቀጥታ በርሮ 14 ሰዓት ተኩል፣ ቢበዛ 15 ሰዓት ይፈጅ ነበር እንጂ ደብሊን አይቆምም ነበር። ዋናው ጉዳይ ቦሌ ራሱ ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል። ዳላስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። እኛ ጋ አየሩ ከባሕር ዳርቻ አየር አንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። ለዚህ ምስክር ከፈለግህ እናትህን ጠይቃቸው፣ ደብረ ብርሃን ባቄላ ቶሎ አይበስልም። ከቦሌ ደግሞ ከፍ ይላል። ያው የአየሩ ነገር ነው።

አሁን አውሮፕላኑን አስበው። ክንፉ የሚነሳው በአየር ነው። ሞተሩም የሚተነፍሰው አየር ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም ሞተሩም ጉልበታቸው ይቀንሳል። ስለዚህ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፣ ለዚያ ደግሞ የበለጠ ማኮብኮቢያ ይፈልጋል። ማኮብኮቢያው ግን የሚለጠጥ ነገር አይደለም። የቀረህ ምርጫ አንድ ነው፣ ክብደት መቀነስ።

ክብደቱ ምንድን ነው ካልከኝ፣ ድሪምላይነር ታንኩ ሙሉ ሲሆን 100 ቶን ገደማ ነዳጅ ይይዛል። በእኛ ቋንቋ 1,000 ኩንታል። ሃያ አይሱዙ ጤፍ ክንፍ ውስጥ ተጭኖ ይነሳል ማለት ነው። ከቦሌ ያንን ሁሉ ነዳጅ፣ ያንን ሁሉ ሰው፣ የእኛን ሻንጣ (የእኛን ሻንጣ ታውቁታላችሁ) አንድ ላይ ይዞ መነሳት ይከብዳል። ወይ ሰው ትቀንሳለህ፣ ወይ ነዳጅ ትቀንስና መንገድ ላይ ትሞላለህ። ሰው ቢቀነስ የቲኬቱን ዋጋ አንተ ነህ የምትከፍለው። ስለዚህ መንገድ ላይ ይሞላል። ድሮ ሮም ነበር የሚቆመው፣ ኋላ ደብሊን መጣ።

ሲመለስ ይሄ ችግር የለም። ዳላስ ዝቅ ያለ ነው፣ አየሩ ወፍራም። ሞልቶ ይነሳል፣ ነፋሱ ይገፋዋል፣ ቦሌ ሲደርስ ነዳጁን ጨርሶ ቀሎ ያርፋል። ነሐሴ 2004 ዓ.ም. የመጀመሪያው ድሪምላይነራችን ሲገባም ከዳላስ ተነስቶ በቀጥታ ነው የመጣው።

ማታ ማታ ከባድ በረራ ሲነሳ ቆሞ ያየ ሰው ያውቀዋል። አጭር መንገድ የሚሄደው ገና መንደርደር ከመጀመሩ ብድግ ይላል። አሜሪካ የሚሄደው ይሮጣል፣ ይሮጣል፣ አሁንም ይሮጣል። እኛ ልማድ ሆኖብን እንኳ አፍንጫው ቀና እስኪል ወሬ እናቆም ነበር።

ዴራ_ዱባይ

ጋሼ እጅዎን ይባርከው። እኔ ዱባይ ነው የምሠራው። ከዚህ ሜክሲኮ ሲቲ የሚመላለሰው አውሮፕላን ባርሴሎና ይቆማል። ሜክሲኮ ሲቲም እንደኛው ነው፣ 2,200 ሜትር ላይ ነው ያለው። ሁልጊዜ "ለምን በቀጥታ አይሄድም?" እል ነበር። አሁን ገባኝ።

ግን አንድ ነገር ልጠይቅ። ካታሎጉ ላይ ድሪምላይነር 14,000 ኪሎ ሜትር ይበራል ይላል እኮ።

የሀንጋሩ_ሰው

ካታሎግ ላይ የሚጻፈው ከባሕር ዳርቻ ተነስቶ ነው ልጄ። ከሲንጋፖር ኒው ዮርክ ከ15,000 ኪሎ ሜትር በላይ ያለ ማረፍ ይበራሉ። ሲንጋፖር ግን ኤርፖርቱ ከባሕር እኩል ነው። ቢሾፍቱ አካባቢ አቡሴራ ላይ የታቀደው አዲሱ ኤርፖርት ከቦሌ ወደ 400 ሜትር ዝቅ ይላል። 400 ሜትር ለእግረኛ ምንም አይደለም። ለከባድ አውሮፕላን ግን ብዙ ኩንታል ነው።

ማታ መነሳቱም አንዱ ምክንያት ይሄው ነው፣ ሌሊት አየሩ ቀዝቃዛ ነው። ቀዝቃዛ አየር ደግሞ ወፈር ይላል።

ጠርጣራው

እሺ መቆሙ ይሁን። ግን ለምን ደብሊን? አየርላንድ እኮ ጫፍ ሰሜን ነች። ካርታ አይቻለሁ። ዋሽንግተን ከአዲስ አበባ ወደ ምዕራብ ቀጥ ብሎ ነው፣ ትንሽ ብቻ ወደ ሰሜን ከፍ ይላል። ሎሜ መቆም አይሻልም? ቶጎ በመንገድ ላይ ናት። ወይስ ደብሊን ላይ የሆነ ነገር አለ?

ነፋስ_ስልክ

የሆነ ነገር አለ፣ መሬት ድቡልቡል ናት 😄

ካርታ ጠፍጣፋ ስለሆነ ይዋሻል። አንድ ብርቱካን ውሰድ፣ ታች ወገቡ አጠገብ አዲስ አበባን በእስክሪብቶ ምታ፣ ራቅ አድርገህ ወደ ላይ ዋሽንግተንን ምታ፣ ከዚያ ክር ወጥርበት። ክሩ ራሱ ወደ ሰሜን ሽቅብ ይወጣል። እኔ ሒሳቡን ሠርቼዋለሁ። ከቦሌ ዳላስ ያለው አጭሩ መስመር ሱዳንንና ሊቢያን አቋርጦ፣ በአልጄሪያ፣ በስፔንና በፖርቱጋል በኩል አትላንቲክ ላይ ይወጣል። ቦሌ ላይ ስትነሳ አቅጣጫህ ሰሜን ምዕራብ ነው እንጂ ምዕራብ አይደለም።

አሁን ቁጥሩን እይ። ከቦሌ ደብሊን ወደ 6,370 ኪሎ ሜትር ነው። ከደብሊን ዳላስ 5,460። ድምሩ 11,830። ከቀጥታው የሚበልጠው 270 ኪሎ ሜትር ብቻ! ከአዲስ አበባ ሐዋሳ ያህል እንኳ አይሞላም ማለት ነው። መንገዱንም እኩል ሊባል በሚችል መንገድ ለሁለት ይከፍለዋል።

በሎሜ ብትሄድ ግን ከቦሌ ሎሜ 4,150፣ ከሎሜ ዳላስ 8,600። ድምሩ 12,750። ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ተጨመረብህ። ጠፍጣፋው ካርታ ላይ "በመንገድ ላይ ናት" ያልካት እሷ ነች የምታስዞርህ።

ጠርጣራው

ታዲያ የኒውርኩ በረራ ለምን በሎሜ ተጀመረ? 2016 በፈረንጅ፣ አስታውሳለሁ።

ነፋስ_ስልክ

ሎሜ ላይ የሚጫን ሰው ስላለ ነዋ። የምዕራብ አፍሪካ መንገደኛ እዚያ ይሰበሰባል። እዚያ ነዳጅ ብቻ አይደለም የሚሞላው፣ ወንበርም ይሞላል። ሎሜ ደግሞ ባሕር ዳር ናት፣ ጋሼ እንዳሉት ከዚያ መነሳት ይቀላል። አጭሩ መንገድ ሁሌ አትራፊው መንገድ አይደለም።

እና አጭሩ መስመር ያልኩህንም አውሮፕላኑ በትክክል አይሄድበትም። ሚያዝያ 2015 ዓ.ም. ካርቱም ላይ ጦርነት ሲነሳ የሱዳን ሰማይ ለመንገደኛ አውሮፕላን ተዘጋ። ሊቢያንም ብዙዎቹ ይሸሿታል። ስለዚህ ወደ ምሥራቅ ገፋ ብሎ ቀይ ባሕርን ይዞ በግብፅ በኩል ይዞራል። ካልኩሌተሩ ይሄን አያውቅም። እሱ የሚያውቀው ክሩን ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ

ወይ ጉድ! እኔ እኮ "13 ነው ወይስ 17?" ብዬ ነው የጠየቅሁት፣ እናንተ ሱዳን ገባችሁ 😅 ግን በጣም አመሰግናለሁ። ጋሼ የሀንጋሩ፣ የባቄላውን ነገር ለእማዬ ነገርኳት። "ታዲያ አውሮፕላኑስ ከቦሌ ካልተመቸው ወደ ቆላ ወርዶ አይነሳም?" አለች። አቡሴራን የቀደመች እሷ ሳትሆን አትቀርም።

ሌላ ጥያቄ፦ ደብሊን ላይ ትወርዳለች? ትጠፋብኛለች ብዬ ነው የፈራሁት።

ቴክሳስ_ነኝ

እኔ ባለፈው ዓመት በዚያው መንገድ ስመጣ አላወረዱንም። ዋሽንግተን የምንሄደው ወንበራችን ላይ ተቀመጥን፣ ነዳጅ ተሞላ፣ ጽዳት መጣ፣ አንድ ሰዓት ገደማ ቆይተን ተነሳን። ችግሩ አንዳንድ እናቶች "ደረስን!" ብለው ሻንጣ ማውረድ ይጀምራሉ። አጠገቤ የነበሩት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ተነስተው ነበር። አስቀድመህ ንገራቸው፣ ሁለተኛው ማረፊያ ነው የኛ በላቸው።

ካልቀረ ግን አንድ ነገር ልንገርህ። "ዳላስ" እያልክ ነው የምትጽፈው። እኔ የምኖረው እውነተኛው ዳላስ ነው፣ ቴክሳስ። የአክስቴ ልጅ ከአዲስ አበባ ስትመጣ አንድ ወዳጇ "ዳላስ ነው የምትወርደው" ሲላት ሰምታ ለእኛ ደወለችልን። እኛ ዳላስ ቴክሳስ ኤርፖርት አበባ ይዘን ቆምን። እሷ ዋሽንግተን ዳላስ ቆማ ታለቅሳለች። በመካከላችን ወደ 1,900 ኪሎ ሜትር አለ። ከዚያ ወዲህ ቤታችን ውስጥ የዋሽንግተኑን "ደለስ" ነው የምንለው።

እሙ_ፌርፋክስ

😂😂 የኛ ሰው ላይ የማይደርስ የለም።

ወንድሜ ከርቀቱ ይልቅ ለቀኑና ለሰዓቱ ተጠንቀቅ። በሁለት ነገር ሰው ያልፈዋል። አንደኛው ቀኑ። ትኬቱ ላይ "26" የሚል ካለ እናትህ ግንቦት 26 ብለው እንዳይዙት። ለሠፈሩ ሁሉ "ግንቦት 18፣ ማታ" ብለህ ንገር።

ሁለተኛው የሌሊቱ በረራ ነው። እህቴ ወደ አውሮፓ ስትሄድ ትኬቷ "ማክሰኞ 00፡45" ይል ነበር። በእኛ አቆጣጠር ያ ሰኞ ሌሊት 6 ሰዓት ከ45 ነው። ለኛ ቀን የሚለወጠው ሲነጋ ነው፣ ለፈረንጅ እኩለ ሌሊት ላይ ነው። እሷ ማክሰኞን ቀኑን ሙሉ ስትሰነባበት ዋለች። ዶሮ ተሠራ። ማታ 3 ሰዓት ላይ ሁለት ሚኒባስ ሸኚ ይዛ ቦሌ ሄደች። በሩ ላይ ያለው ልጅ ትኬቱን ገልበጥ አድርጎ አየና "እህቴ፣ ይሄ አውሮፕላን እኮ ሄዷል" አላት። ከ20 ሰዓት በፊት!

የተረፈው ዶሮ በማግስቱ ተበላ፣ ማንም አላወራም።

የእናትህ 22፡40 ስለሆነ ደህና ነው፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት ከ40። ቦሌ 1 ሰዓት ተኩል ላይ ይድረሱ። ከደብረ ብርሃን በዚያው ቀን አይምጡ። 130 ኪሎ ሜትር ነው፣ ግን ለገጣፎ ላይ መንገድ ከተዘጋ ከአትላንቲክ የበለጠ ያስጨንቃል። አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ይደሩ።

አሌክሳንድሪያ_ነርሷ

እኔ ነርስ ነኝ፣ ስለ ጤናው ልጨምር። እናታችን መድኃኒት ይወስዳሉ?

የሲልቨር ስፕሪንጉ

የደም ግፊት። ጠዋት ጠዋት አንድ ፍሬ።

አሌክሳንድሪያ_ነርሷ

እሺ። እንግዲህ እዚህ ላይ ነው ጉዱ። ወደ ምዕራብ ሲበሩ ጠዋቱ ይረዝማል። ደብሊን ላይ ነጋ ብለው አንድ ይውጣሉ። ዋሽንግተን ሲደርሱም ጠዋት ነው፣ ሁለተኛ ይውጣሉ። ሰው አይሳሳትም አትበለኝ፣ አጋጥሞኛል። ከመነሳታቸው በፊት ሐኪማቸውን ስለ ሰዓቱ ያማክሩ። እኔ ለእናቴ ያደረግሁት የእጅ ሰዓቷን እንዳትነካ ነው። መንገድ ላይ እያለች በአዲስ አበባ ሰዓት ነበር የምትወስደው። እዚህ ከደረሰች በኋላ በሐኪም ምክር ቀስ ብለን አዛወርነው።

መድኃኒቱ በእጅ ቦርሳ ይሁን፣ የሚጫን ሻንጣ ውስጥ አይግባ። በየጊዜው ይነሱ፣ እስከ መጸዳጃ ቤት ድረስም ቢሆን ወዲያ ወዲህ ይበሉ። እግር የሚያብጠው ተቀምጦ ሲዋል ነው። ውኃ ይጠጡ። እናቶች "ሽንት ቤት አስቸግራለሁ" ብለው ውኃ ይተዋሉ፣ እሱ ነው የሚጎዳቸው። ወንበራቸው የመተላለፊያው ዳር ይሁን።

ዊልቸር አሁኑኑ አስመዝግብ። መራመድ ቢችሉም። ዊልቸሩ ለእግር ብቻ አይደለም፣ መንገድ የሚያውቅ ሰው አብሮ ይመጣል ማለት ነው። ኢሚግሬሽን ላይ ብቻቸውን አይቆሙም።

ቡልቡላ_ልጅ

የጾም ምግብም አስቀድሞ ይታዘዝ። እናቴ ሳታዝ ሄዳ 13 ሰዓት በዳቦና በብርቱካን ነው የመጣችው። "የዝንቧ ነገር ገባሽ?" ብላት "እኔም እንደሷ ነው የበላሁት" አለችኝ።

የሀንጋሩ_ሰው

😄 ይሄ ልጅ ጥሩ ነው።

የሲልቨር ስፕሪንጉ (ግንቦት 20፣ ማታ)

ቤቶች፣ እማዬ ገብታለች! ውለታችሁን አልረሳም። እንዴት እንደነበር ልንገራችሁ።

ከቦሌ የተነሳው 25 ደቂቃ ዘግይቶ ነው፣ ከምሽቱ 5 ሰዓት ከ5። ግን ዳላስ (ደለስ!) 08፡21 አርፏል። ጋሼ፣ ሲነሳ ምን እንደተሰማት ጠየቅኳት። "ሮጠ፣ ሮጠ፣ እኔም ዳዊቴን ከሀ እስከ ፐ ጨረስኩ" አለች። ሙሉውን ዳዊት ማለቷ ነው፣ ማጋነኗ ነው እንግዲህ።

ደብሊን ሲደርሱ ገና እየነጋ ነበር፣ ካፊያ ነበር። አልተነሳችም፣ ነጠላም አላጣፋችም። "ልጄ ሁለተኛው ነው ብሎኛል" ብላ አጠገቧ ያሉትን ሁለት ሴቶች ራሷ ነች ያስቀመጠቻቸው።

ከዚያ በኋላ ያለው ነው የገረማት። በመስኮቱ በኩል ፀሐይዋን ስታያት፣ አንዴ ተኝታ ነቃች፣ በላች፣ ደግማ ተኛች፣ ፀሐይዋ ያው የጠዋት ፀሐይ። "ኢያሱ ፀሐይን ያቆማት እንዲህ ነው?" ብላ አሰበች። እኔ አሰላሁት። ከደብሊን ንጋት እስከ ዳላስ ማረፊያ ድረስ ከ8 ሰዓት በላይ ጠዋት ላይ ነበረች። ነርሷ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። ሰዓቷን አልነካችም፣ ፍሬዋንም አንድ ብቻ ነው የዋጠችው።

ዊልቸሩ ባይኖር ኖሮ እስካሁን ኢሚግሬሽን ላይ ነበርን። ሰልፉ እስከ በሩ ድረስ ነበር። የሚገፋት ልጅ ሐበሻ ሆኖ ተገኘ፣ የመንዝ ልጅ። ስትወጣ ከእኔ ጋር ከመሳሳሟ በፊት እሱን ነው የመረቀችው።

ቤት ገባን። ቡና ቀረበ። ቀና ብላ የኩሽናውን ሰዓት አየች፣ 10 ሰዓት ተኩል ይላል። የእጇን አየች፣ 11 ሰዓት ተኩል። ደጋግማ አየች። የእሷ ሰዓት በእኛ አቆጣጠር ነው እንግዲህ፣ ደብረ ብርሃን ላይ ከቀኑ 11 ሰዓት ተኩል ማለት ነው። እኔ ስለ 7 ሰዓቱ ልዩነት ላስረዳት አፌን ስከፍት ስኒዋን አስቀመጠችና ወደ ባለቤቴ ዞራ፦

"ይሄ ሁሉ ሌሊት፣ ይሄ ሁሉ ባሕር ... ልዩነቱ አንድ ሰዓት ብቻ ነው?" አለቻት።